እውነት የበዛበት ትግል

ሬስሊንግ በሚታይበት ቤት ሁሉ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ እሱ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ «ውሸት እኮ ነው» ይላል። የጠየቀው የለም፤ ግን ይላል። አንዴ ብሎም አይተወውም፤ ሰው በወደቀ ቁጥር «አየህ? አልነካውም!» እያለ ምስክርነቱን ያድሳል። ለሰማው ሰው፣ አያቶቹም ያውቁት የነበረውን ነገር ሳይሆን ትናንት ሌሊት ራሱ ደርሶበት ያጋለጠውን ሚስጥር የሚናገር ይመስላል። በመረጃው ልክ ነው፤ የሬስሊንግ አሸናፊ አስቀድሞ ይወሰናል። እኔ የምጣላው ከመረጃው ጋር ሳይሆን ከቅሬታው አቅጣጫ ጋር ነው። ጃፓኖች ካደረጓቸው ግጥሚያዎች ሁሉ በታላቅነቱ ደጋግሞ የሚጠራውን አንዱን አንሥተን፣ ቴአትር በምንገመግምበት ሚዛን ብንገመግመው፣ የሚገኝበት ጉድለት ውሸት መሆኑ አይደለም። ጉድለቱ መጨረሻው ላይ እውነት መሆኑ ነው። ውሸቱ ትንሽ በርከት ቢል ኖሮ ሥራው ይበልጥ የተዋጣ፣ ሠራተኞቹም ይበልጥ ጤነኞች ይሆኑ ነበር።

ግጥሚያው የተካሄደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 3 ቀን 1994 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ቶኪዮ በሚገኘው ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ነው። አዳራሹ ራሱ ብዙ ያየ ነው። የተሠራው ለ1964ቱ ኦሎምፒክ፣ አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ላሸነፈበት ኦሎምፒክ፣ የጁዶ መወዳደሪያ እንዲሆን ነበር። ጁዶ የጃፓን ልጅ ነውና ወርቁ ከቤት አይወጣም ተብሎ ሲጠበቅ፣ ክብደት በማይለይበት ምድብ አንቶን ሄሲንክ የሚባል ግዙፍ ሆላንዳዊ መጣና አኪዮ ካሚናጋን በአገሩ ሰው ፊት ከምንጣፉ አጣብቆ ወርቁን ይዞ ሄደ። እውነተኛ ትግል እንዲህ ነው፤ ለባለ ድግሱ አያዝንም፣ ታሪኩ ያምር እንደሆነም ግድ የለውም። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በዚያው ጣሪያ ሥር የተገናኙት ሁለቱ ሬስለሮች ግን ሥራቸው ታሪኩን ማሳመር ነበር።

ሻምፒዮኑ ሚትሱሃሩ ሚሳዋ፣ ተፎካካሪው ቶሺያኪ ካዋዳ ነው። ሁለቱም በቶቺጊ ግዛት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የትግል ቡድን ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ ሚሳዋ በአንድ ክፍል ይቀድማል። በጃፓን የአንድ ክፍል ብልጫ በምረቃ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ትምህርት ቤት ታላቅህ የነበረ ሰው ጸጉራችሁ ሸብቶም ታላቅህ ነው። ካዋዳም ታላቁን ተከትሎ ጃያንት ባባ በ1972 ወደ መሠረተው ኦል ጃፓን ወደሚባለው የሬስሊንግ ድርጅት ገባ። ባባ ቁመቱ 2 ሜትር ከ9 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቀድሞ የቤዝቦል ተጫዋች ነበርና በዚያ ቤት ቀና ብሎ ማየት የሥራው አንድ ክፍል ነበር። ሚሳዋ ለዓመታት የነብር ጭንብል አጥልቆ ታይገር ማስክ በሚል ስም ታገለ። በሜይ 1990 ግን በግጥሚያ መካከል ጭንብሉን አወለቀ፤ ከኋላ ማሰሪያውን እንዲፈታለት የጠየቀውም አብሮት ተሰልፎ የነበረውን ካዋዳን ነው። ካዋዳ ፈታለት። ታናሽ ምን ምርጫ አለው? ጭንብሉ የወለቀለት ሰው በወሩ የድርጅቱን አውራ ጁምቦ ትሱሩታን አሸንፎ ኮከብ ሆነ። ማሰሪያውን የፈታው ደግሞ መጀመሪያ አጋሩ፣ ኋላም ተቀናቃኙ ሆነ፤ ሁልጊዜ ግን ሁለተኛ። በ1994 የጸደይ ወራት የድርጅቱን ዓመታዊ ውድድር፣ በፍጻሜው ስቲቭ ዊሊያምስን ጥሎ፣ ካሸነፈ በኋላ ግን ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅብኛል የሚል ሰው ሆኖ ቡዶካን ገባ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው 35 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈጀ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው እንደ ሥነ ጥበብ እንከን ለማውጣት የሚያስቸግር ነው። አረንጓዴ የለበሰው ሚሳዋ ሲማታም ሲመታም ፊቱ አይለወጥም፤ ባንክ ቤት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው ያለው። ቢጫና ጥቁር የለበሰው ካዋዳ ግን ሰውነቱ ሁሉ አንደበት ነው። የሚሳዋ ክርን አገጩ ላይ ሲያርፍ ወዲያው አይወድቅም፤ መጀመሪያ ጉዳዩን ያጤነዋል። ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሁለት እርምጃ ይንገዳገዳል፣ ምንም እንዳልደረሰበት ሰው ቀጥ ለማለት ይሞክራል፣ ከዚያ እግሩ ሳያማክረው ቁጭ ያደርገዋል። በዚህ አወዳደቅ ውስጥ «ለዚህ ሰውዬስ አልወድቅም» የሚል ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ እልህ ይነበባል። በተራው ደግሞ ካዋዳ በካልቾ ይመልሳል፤ ካልቾውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለማሳመም ነው። ሌላው፣ ወድቆ ለመነሣት የሚታገልን ሰው ፊት በጫማ ጫፍ ቆንጠር የሚያደርገው፣ ለማዋረድ ነው። ታላቅን እንዲህ መድፈር በዚያ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቅ፣ ቀላሉ ካልቾ ከከባዱ ይብሳል። አንድም ቃል ሳይነገር የአንድ ክፍል ብልጫ ታሪክ እስከ ታች ይዘረገፋል።

«አሸናፊው ከተወሰነ ታዲያ ምን ያጓጓል?» የሚለው የመጀመሪያው ተቃውሞ ነው፤ መልሱም እዚያው ጃፓን አለ። ጌታቸው የሞተባቸውን የ47 ሳሙራዮች በቀል የሚተርከው ቹሺንጉራ የተባለው ተውኔት በ1748 በአሻንጉሊት ቴአትር ከታየ ወዲህ በካቡኪ መድረክም ሲደጋገም ኖሯል። በቀሉ እንደሚፈጸም የማያውቅ ተመልካች የለም፤ ሰው ግን ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ እንባውንም ያፈሳል። ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ኧረ ተዉ፣ ሰይፉ እኮ አይቆርጥም!» ብሎ የሚጮህ የለም፤ ቢኖርም ከአዳራሹ የሚወጣው ሰይፉ ሳይሆን እሱ ነው። ሬስሊንግ ደግሞ ከተውኔቱ አንድ ብልጫ አለው፤ ውሳኔው ለተመልካቹ አልተነገረውም። አንድ ሰው ወሰነ ማለት ሁሉም ሰምቷል ማለት አይደለም። የልቦለድ ደራሲም መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ይህ ማወቁ አንባቢውን እንቅልፍ ከመንሣት አግዶት አያውቅም። ስለዚህ አስቀድሞ መወሰኑ ጉድለት አይደለም፤ የዚህ ሥራ መነሻ ውል ነው። ጥያቄው ውሉ እስከ መጨረሻው ተከብሯል ወይ ነው።

ውሉ የተፈተነበትን ቦታ ለማየት የባባን ቤት ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። በሌላ ቦታ ግጥሚያ በዳኛ መታወር፣ በወንበር ምት፣ ከሪንግ ውጭ ቆይቶ በመቅረት ሊያልቅ ይችላል። በ1990ዎቹ ኦል ጃፓን ግን ዋና ግጥሚያ በንጹሕ መንገድ እንዲያልቅ ይፈለግ ነበር፤ ትከሻ ምንጣፍ ይነካል፣ ዳኛው ሦስት ይቆጥራል፣ አለቀ። ደስ የሚል ሥርዓት ነው፤ ዋጋው ግን የሚታየው ቆይቶ ነው። ተንኮል ከሌለ ሽንፈት ሁሉ ጠንካራ ምክንያት ይሻል። ትናንት ሰው የተሸነፈበት ውርወራ፣ ዛሬ ዳኛው ሁለት ቆጥሮ እጁን ለሦስተኛ ሲያነሣ ትከሻ ብድግ ማድረጊያ ይሆናል፤ ነገ የባሰ ይፈለጋል። ገንዘብ እንዲህ ሲረክስ የዋጋ ንረት እንለዋለን። በጁን 3ቱ ምሽት ንረቱ ጣሪያ ነካ። ካዋዳ ሌሎችን የጨረሰበትን ፓወር ቦምብ፣ ሰውን ሽቅብ አንሥቶ በጀርባው መፈጥፈጥን፣ ሚሳዋ ላይ አዋለው፤ ሚሳዋ ተነሣ። ሚሳዋ ታይገር ድራይቨር የሚባለውን፣ የተጎነበሰን ሰው ሁለት ክንድ ከላይ ቆልፎ አንሥቶ በጀርባው መጣልን፣ ካዋዳ ላይ አዋለው፤ ካዋዳ ተነሣ። ከ14 ሺህ ሰው በላይ የሚይዘው አዳራሽ በእያንዳንዱ መነሣት ጮኸ። ሁለቱም የያዙትን ገንዘብ ጨርሰው ባዶ ኪሳቸውን ይዘው ተፋጠጡ።

ሚሳዋ ግን ቤቱ የደበቀው ነበረው። ታይገር ድራይቨር 91 ይሉታል፤ በ1991 አውጥቶት እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ የሚነካው ነው። አነሣሡ ያው ነው፣ አወራረዱ ግን ሌላ ነው፤ ክንዱ እንደተቆለፈ ሰውየው በጀርባው ሳይሆን በማጅራቱና በጭንቅላቱ ይወርዳል። እጅ ስለታሰረ ምንጣፉን መትቶ ውድቀቱን የሚያበርድበት የለውም። ካዋዳ በዚህ ወረደ፣ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፣ የሻምፒዮንነቱ ቀበቶም ሚሳዋ ዘንድ ቀረ። በድርሰት ሕግ ካየነው እንከን የለሽ ነው፤ ሁሉም ተሞክሮ ሲያበቃ የመጨረሻው ከባድ ነገር መጣ። የእኔ ቅሬታ እዚህ ይጀምራል። ተዋናይ መርዝ ጠጥቶ ሲሞት ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። እውነተኛ መርዝ ቢጠጣ ትወናው ተሻሻለ አንልም፤ ትወናው ቆመ እንላለን። ካዋዳ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ሕመምን በረቀቀ መንገድ ሲተውን ከቆየ በኋላ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ትወናውን ከእጁ ተነጠቀ። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው በማጅራቱ ሲወርድ፣ የስበት ኃይል ድርሰቱን አላነበበውም፤ ማን እንዲያሸንፍ እንደተወሰነም አያውቅም።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «አደጋው ነው እኮ ታላቅ ያደረገው!» ይባላል። መልካም፤ በማስረጃ እንየው። የዚያው የሚሳዋ ትልቁ ምሽት የቱ ነው ቢባል ብዙዎች ጁን 8 ቀን 1990ን፣ በዚያው ቡዶካን ትሱሩታን ያሸነፈበትን ይጠራሉ። ያ ግጥሚያ ያለቀው በማጅራት በሚጥል ውርወራ አይደለም። አንዱ የሌላውን ጀርባ ለመያዝ ሲታገል፣ ሲገለባበጡ፣ ወጣቱ በአንጋፋው ላይ ተደፍቶ አጣበቀው፤ ሦስት ተቆጠረ። አንድ ሰው ድንገት ሚዛኑን ሳተ፣ ሌላው ዕድሉን አልለቀቀም፤ በቃ። ሕዝቡ ያበደውም አንገት ስላየ ሳይሆን ዘመን ሲለወጥ ስላየ ነው። በጁን 3ቱም ግጥሚያ ቢሆን፣ ከላይ የዘረዘርኳቸው ታላላቅ ነገሮች፣ የካዋዳ እልኸኛ አቀማመጥ፣ የሚሳዋ ዝምተኛ ፊት፣ የታናሽ ድፍረት፣ አንዳቸውም የራስ ቅል አልጠየቁም። መጨረሻው ለምን ይጠይቅ? ከ35 ደቂቃ በኋላ የደከመ ካዋዳ በአንድ ክርን ቁጭ ብሎ መነሣት ቢያቅተው፣ ከዚያ በላይ የሚያሳዝን ሽንፈት ማን ይጽፋል? ደራሲው ሲቸግረው ገጸ ባሕሪውን መኪና እንደሚያስገጨው ሁሉ፣ እዚህም አንገት የገባው ሐሳብ ስለቀለለ ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ የበሰለ ነው። «አዋቂ ሰዎች ናቸው፣ ወደው የገቡበት ሙያ ነው፤ ቦክስስ ሰው ይጎዳ የለም ወይ?» ይላል። ይጎዳል። ነገር ግን ቦክሰኛ ተጋጣሚውን የሚመታው ሊያሸንፈው ነው፤ የተመታውም ላለመመታት የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ነው። ሬስሊንግ ከሥሩ ሌላ ነገር ነው። መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው እሺ ካላለ በቀር እንዲያ ሽቅብ አይነሣም። ተወርዋሪው ራሱ ይዘላል፣ ሰውነቱን ያመቻቻል፣ ከዚያ ነፍሱን ለወርዋሪው አደራ ይሰጣል። ሜዳ ላይ ጠላት መስለው የሚታዩት ሰዎች በዚያች ቅጽበት የዓለም የመጨረሻ ጓደኛሞች ናቸው። ስለዚህ የወርዋሪው ሙያ የሚለካው ምን ያህል እንደጎዳ ሳይሆን፣ ሳይጎዳ የጎዳ በመምሰሉ ነው። «አልነካውም» የሚለው ነቀፌታ በዚህ ሙያ ምስጋና ነው፤ ልብስ ሰፊን «ስፌቱ አይታይም» እንደማለት። አደራ የተሰጠን አንገት በአንገትነቱ መጠቀም ግን፣ ሁለቱ ቢስማሙበትም፣ የሙያው ጫፍ ሳይሆን የሙያው ማምለጫ ነው።

«ይህን የምትለው የኋላውን ስላወቅህ ነው» የሚለኝ ይኖራል። የኋላው ይህ ነው። ካዋዳ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቀበቶውን ያዘ፤ ግን ሚሳዋን ጥሎ ሳይሆን፣ በመካከሉ ሚሳዋን ያሸነፈውን ዊሊያምስን ጥሎ ነው። ሚሳዋን ለቀበቶው በተደረገ ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በሜይ 1998 ቶኪዮ ዶም ላይ ነው። በጃንዋሪ 1999 ኦሳካ ሲገናኙ ካዋዳ ገና በመጀመሪያው ክንዱ ተሰበረ፤ በተሰበረው ክንድ ታግሎ፣ ሚሳዋን ሽቅብ አንሥቶ በቀጥታ በጭንቅላቱ ጣለው። ያም አልጨረሰውም፤ ግጥሚያው ቀጠለ። ንረቱ እዚህ ደርሶ ነበር። ካዋዳ አሸነፈ፣ ቀበቶውን ግን በጉዳቱ ምክንያት አስረከበ። ሚሳዋ በ2000 ከአብዛኞቹ ሬስለሮች ጋር ወጥቶ ኖዋ የሚባል ድርጅት መሠረተ፣ ካዋዳ ቀረ። ጁን 13 ቀን 2009 ሚሳዋ ሂሮሺማ ውስጥ በቡድን ግጥሚያ ላይ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተጣለ፤ በአንገቱ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ላይ በደረሰ ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 46 ነበር። የገደለው ያ አንድ ውርወራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የ1994ቱ ምሽት ነው ማለትም ሐሰት ይሆናል፤ በዚያ ምሽት የወደቀው ካዋዳ ነበርና። ነገር ግን ቅሬታዬ የኋላውን አይጠብቅም፤ ማስረጃው በ1994ም ነበረ። ታይገር ድራይቨር 91 ስሙ ላይ ዓመት የተለጠፈበት፣ ተቆልፎ የሚቀመጥና በስንት ጊዜ አንዴ የሚወጣ ነገር የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ሚሳዋ ራሱ ተራው ውርወራ ሥራ፣ ይህኛው ግን አደጋ መሆኑን ለይቶ ስለሚያውቅ ነው። ሰው የሚቆልፈው የሚፈራውን ነው።

ጥፋቱን በሁለቱ ሬስለሮች ላይ ብቻ መጫን ግን ለእኛ፣ ለተመልካቾች፣ በጣም የሚመች ፍርድ ነው። ካዝናውን ማን አስከፈተው? ከታይገር ድራይቨሩ ሲነሣ የጮኸው፣ ከፓወር ቦምቡ ሲነሣ ይበልጥ የጮኸው ሰው አይደለም ወይ? ሃያሲውም ከዚህ አይነጻም። አሜሪካዊው የሬስሊንግ ጋዜጠኛ ዴቭ ሜልትዘር ለዚህ ግጥሚያ በሚታወቅበት ሚዛን አምስት ኮከብ ሰጠው፤ አምስት ጣሪያው እንደሆነ ይታሰብ ነበር። በ2017 ካዙቺካ ኦካዳና ኬኒ ኦሜጋ ቶኪዮ ዶም ላይ ለተጋጠሙት ስድስት ሰጠ። በ2018 ኦሳካ ላይ ሲጋጠሙ ደግሞ ሰባት ሰጠ። ውርወራው ሲረክስ ኮከቡም አብሮ ረከሰ ማለት ነው፤ ሪንግ ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን ሲጨምር፣ ወንበር ላይ ያለው ኮከብ ይጨምራል። ልዩነቱ ኮከብ የሚጨምረው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማጅራቱን የማያመው መሆኑ ብቻ ነው። ከአምስት በላይ ያለው ነገር ሁሉ በስድስትም ሆነ በሰባት ቢለካ የሚናገረው ስለ ግጥሚያው ሳይሆን፣ ትናንት ያረካን ነገር ዛሬ እንደማያረካን ስለ እኛ ነው።

የቀረው አንድ ክርክር «ያለዚህ ዓይነት ሰዎች ዓለም ይደበዝዛል፤ ጥበብ መሥዋዕት ይፈልጋል» የሚለው ነው። ጥበብ ብዙ ይፈልጋል፤ ልምምድ ይፈልጋል፣ ዓመታት ይፈልጋል፣ ምናልባትም ገንዘብ ያስከስራል። ካዋዳ ራሱ በ2010 ቶኪዮ ውስጥ የራመን ምግብ ቤት ከፍቶ፣ ኋላም ሥራው እንዴት እንደሚያከስር መጽሐፍ ጽፎ አስተምሮናል፤ ከሪንግ ይልቅ ሾርባ ያስጨነቀው ይመስላል። እንዲህ ያለውን መሥዋዕት መጠየቅ ይቻላል፤ በሕይወት ተርፎ የሚማረርበት ነውና። ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ጁን 3 ቀን 1994 ሚሳዋና ካዋዳ የሠሩት ሥራ ከመክፈቻው እስከ መጨረሻው ውርወራ ድረስ ከየትኛውም መድረክ ሥራ ጋር ትከሻ የሚለካካ ነው፤ ማየት ለሚፈልግ ሁሉ እንዲያየው እመክራለሁ። ሲያይ ግን ጭብጨባውን ያከፋፍለው፤ ካዋዳ ቁጭ ሲል ያጨብጭብ፣ ሚሳዋ ፊቱን ሳያጠቁር ክርኑን ሲያሳርፍ ያጨብጭብ። ያ የመጨረሻው ውርወራ ሲመጣ ግን እጁን ይሰብስብ። ያልተነካን ሰው እንደተነካ አድርጎ ማሳየት ትልቅ ሙያ ነው፤ የተነካን ሰው አይቶ ማጨብጨብ ግን ምንም ችሎታ አይጠይቅም።